የጠጠር ክምር በድሮን አስለክተን ከመኪና ቆጠራው 1,540 ኩብ ጎደለ። የቱን ልመን?

የሳይቱ ልጅ (ማክሰኞ ማታ)

ሰላም ቤቶች። ሳይት ላይ ያላችሁ ሰርቨየሮች፣ ድሮን የምታበሩም ካላችሁ፣ እስቲ አንድ በሉኝ።

የመንገድ ሥራ ላይ ነን። ጠጠር የሚያቀርብልን ሰው ከክሬሸር እያመጣ እኛ ግቢ ያራግፋል፣ የምንከፍለው በሜትር ኩብ ነው። እስካሁን 640 ሲኖትራክ ገብቷል። «ባለ 16 ነው» ብሎ 10,240 ኩብ ይከፈለኝ አለ። ከክምሩ ላይ ገና አንድ አካፋ አልተነሳም። አለቃዬ ቁጥሩ በዛበትና ፈቃድ ያለው ድሮን አብራሪ አስመጣን። ድሮኑ ፋንተም 4 ፕሮ ነው፣ አርቲኬ (ቦታን በሳንቲሜትር ደረጃ የሚያርም ጂፒኤስ) የለውም። በ60 ሜትር በረረ፣ ፎቶዎቹን ፒክስ4ዲ የሚባለው ከፎቶ ሞዴል የሚሠራ ሶፍትዌር ውስጥ ከተታቸው፣ የወጣው 8,700 ኩብ ሆነ። ክምሩ መሬት ላይ የያዘው 2,600 ካሬ ገደማ ነው።

አቅራቢው «በልጆች መጫወቻ ለክታችሁ ልትበሉኝ ነው» ብሎ ጮኸ። አለቃዬ ደግሞ «ካሜራ አይዋሽም» ብሎ ድርቅ አለ። እኔ መሃል ቆሜ የሁለቱንም ስልክ አነሳለሁ። ማን ነው ልክ?

ባለፕሪዝም (ማክሰኞ ማታ)

ድሮኑን ከመክሰስህም ከማመንህም በፊት ጥቂት ነገር ንገረን። መሬት ላይ ጂሲፒ፣ ማለትም ቦታውና ከፍታው በትክክል የተለካ ምልክት፣ ተተክሎ ነበር ወይስ በድሮኑ ጂፒኤስ ብቻ ነው የሄዳችሁት? ሶፍትዌሩ ላይ የክምሩን ዳር ማን አሰመረው? ከሥር ያለው ወለል ምን ተብሎ ተመረጠ? ጠጠሩ ከመራገፉ በፊትስ ቦታው ምን ይመስል ነበር?

የመጨረሻዋን አስበህ መልስ። ድሮን የሚያየው የክምሩን ቆዳ ነው። ከሥሩ ያለውን መሬት አያይም። ሶፍትዌሩ ያን መሬት የሚገምተው አንተ ዳር ዳሩን ካሰመርክለት ነጥቦች ተነስቶ ነው። ግምቱ ከሳተ ፎቶው የቱንም ያህል ቢጠራ ቁጥሩ ይስታል።

የሳይቱ ልጅ (ማክሰኞ ማታ)

ጂሲፒ አልተተከለም፣ በራሱ ጂፒኤስ ነው። ዳሩን ያሰመረው አብራሪው ነው፣ ወለሉ ከዳሩ ነጥቦች በትሪያንግል የተሠራ ነው። ቦታው ሜዳ ነው። ግን ጠጠር ከመግባቱ በፊት ዶዘር የላይኛውን ጥቁር አፈር ጠርጎት ነበር።

ባለፕሪዝም (ማክሰኞ ማታ)

ይኸው መጣን። ዶዘሩ ምን ያህል ጠረገ? 20 ሳንቲ? 30? ጠጠሩስ ከተጠረገው ቦታ አልፎ ያልተጠረገው ጠርዝ ላይ ወጥቷል ወይ?

ወጥቶ ከሆነ አብራሪው ዳር ብሎ ያሰመረው ከፍ ያለውን ያልተጠረገ መሬት ነው። ሶፍትዌሩ ከዚያ ከፍታ ተነስቶ ከክምሩ ሥር ቀጥ ያለ ወለል ዘረጋ ማለት ነው። ዶዘሩ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ የገባው ጠጠር አልተቆጠረም። ጎድጓዳ ሳህን ላይ የተከመረ ቆሎ ሲለካ ከጠርዙ በላይ ያለችውን ብቻ እንደ መቁጠር ነው። ጠረጋው 30 ሳንቲ ነው ብንል 2,600 ካሬ ሲባዛ በ0.3፣ 780 ኩብ። የልዩነትህ ግማሽ እዚያ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል።

ክሬሸር ቁ.3 (ረቡዕ ጠዋት)

ሁላችሁም ድሮኑ ላይ ወደቃችሁ። መኪናውን ማን ለካው?

እኔ ክሬሸር ላይ ነው የምውለው። «ባለ 16» የሚባለው ሁሉ 16 አይጭንም። ሜትር ይዘህ ሳጥኑ ውስጥ ግባ። 5.4 በ2.3 በ1.3 ከሆነ 16.1 ኩብ ነው፣ ጥሩ። ግን ሎደሩ እስከ ከንፈሩ ሞላው ወይስ ጎደል አድርጎ ለቀቀው? 10 ሳንቲ ብቻ ከጎደለ በአንድ መኪና 1.24 ኩብ ቀረ። በ640 ስታባዛው 794 ኩብ ነው። 10 ሳንቲ ደግሞ ከመሬት ቆሞ ለሚቆጥር ሰው ጨርሶ አይታይም። በር ላይ ያለው ልጅ የሚጽፈው ታርጋና ሰዓት ነው፣ የሳጥኑን ሆድ አያይም።

አቅራቢው ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። አንዳንዱ ሹፌር የአስፋልት ሚዛን ፈርቶ ራሱ ይቀንሳል። አንዳንዱ ሳጥን ላይ ደግሞ ጎን ጎኑ ተበይዶበት ከ16 በላይ ይጭናል። መኪና በመኪና ይለያያል፣ «ባለ 16» ብሎ ነገር የለም።

ሌላም አለ። ጠጠር ሲጫን ልል ነው። መንገድ ላይ እየተንቀጠቀጠ ይቀመጣል። ግቢያችሁ ሲደርስ ሎደር ላዩ ላይ እየወጣ እየገፋ ከከመረው ደግሞ ይጠቀጠቃል። ያው ጠጠር ነው፣ ኩቡ ግን ይቀንሳል። ስለዚህ የመኪና ኩብና የክምር ኩብ ቁጭ ብለው እኩል ይሆናሉ ብሎ መጠበቅ መጀመሪያውኑ ልክ አይደለም። ውላችሁ ላይ የትኛው ኩብ ነው የተጻፈው?

የሳይቱ ልጅ (ረቡዕ ጠዋት)

ውሉ ላይ «በሜትር ኩብ» ብቻ ነው የሚለው 😩

ሎደሩ ላዩ ላይ ወጥቷል፣ አዎ። ከፍ እንዲል ብለን እኛው ነን ያስገፋነው።

ገለልተኛ (ረቡዕ ቀን)

አንድ ነገር ልበል። 780 እና 794 ሲደመሩ 1,574 ነው። የተፈለገው 1,540። ሁላችሁም ደስ ብሏችኋል። ግን ሁለት ግምት ተደምሮ መልሱ ላይ ስለገጠመ ብቻ እውነት አይሆንም። 30 ሳንቲውንም 10 ሳንቲውንም እኛ ነን ከኪሳችን ያወጣነው። ዶዘሩ 15 ሳንቲ ጠርጎ ሊሆን ይችላል። መኪናው ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ሄዶ መክፈት ነው። ኤክስካቫተር አቁሞ የክምሩን ዳር ቦታ ቦታ ላይ ገልጦ የቀድሞው መሬት የት ድረስ እንደወረደ በሌቭል (በከፍታ መለኪያው) ማየት። በዚያው ቀን የሚመጡትን መኪናዎች በሜትር መለካት። የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ጣና ዳር (ረቡዕ ማታ)

የፎቶግራሜትሪውን፣ ማለትም ከፎቶ የመለካቱን፣ በኩል ልጨምር። በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ፣ የምለካው ግን ጠጠር ሳይሆን ቦረቦር ነው።

መጀመሪያ፣ ጂሲፒ የለም ማለት የግድ ቮልዩሙ (ኩቡ) ተበላሸ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። ፋንተም ፎቶው ላይ የሚጽፈው ከፍታ በብዙ ሜትር ሊስት ይችላል፣ እውነት ነው። ግን ሞዴሉ በሙሉ 5 ሜትር ወደ ላይ ቢሄድ ወለሉም አብሮ 5 ሜትር ይሄዳል፣ ክምሩ ያው ነው። ችግር የሚሆነው ከሌላ ቀን ወይም ከሌላ መሣሪያ ልኬት ጋር ልታነጻጽር ስትል ነው።

ቮልዩምን በቀጥታ የሚጎዳው ስኬሉ ነው። ርዝመት በ1 በመቶ ከሳተ ቮልዩም በ3 በመቶ ይስታል፣ ምክንያቱም ሦስቱም አቅጣጫ ይባዛሉ። በአንተ ክምር ወደ 260 ኩብ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። መሬት ላይ ሁለት ምልክት አድርግ፣ መሃላቸውን በሜትር 20 ሜትር ለካ፣ ከዚያ ሞዴሉ ላይ ለካው። 19.80 ካለህ 1 በመቶ ጠፍቷል ማለት ነው።

ሌላው ሞዴሉ መሃሉ ላይ ማበጡ ወይም መጎድጎዱ ነው። ሁሉም ፎቶ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ብቻ ከተነሳና መሬት ላይ ነጥብ ከሌለ ሶፍትዌሩ የሌንሱን ጥምመት በትክክል አያወጣውም፣ ሜዳው ራሱ ቅስት ይሠራል። መድኃኒቱ የበረራ መስመሩን ማቋረጥ፣ ማለትም አንዴ ከሰሜን ደቡብ አንዴ ከምሥራቅ ምዕራብ መብረር ነው። በዚያ ላይ ካሜራውን አጋደል አድርጎ ክምሩን ዙሪያውን ማንሳት። የተጋደለው ፎቶ ለቁልቁለቱም ይጠቅማል፣ ከላይ ብቻ ያየኸው ጎን ሁሌ ነጥቡ ሳስቷል።

አብራሪውን ኦቨርላፑን፣ የፎቶዎቹን መደራረብ፣ ጠይቀው። ፊት ለፊት 80፣ ጎን ለጎን 70 በመቶ ያህል መሆን አለበት። እሱም መሬት ላይ ሲሰላ ነው! ክምሩ ከፍ ሲል ካሜራው ይቀርበዋል፣ መደራረቡ ይቀንሳል። ለምሳሌ 40 ሜትር ላይ እየበረርክ መሬት ላይ 70 በመቶ ካለህ፣ 15 ሜትር ከፍታ ያለው ክምር ጫፍ ላይ 52 በመቶ ብቻ ይቀርሃል። ካባ ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ድሮኑ ከፍታውን የሚቆጥረው ከተነሳበት ቦታ ስለሆነ ከጉድጓዱ አፍ ከተነሳህና ከወለሉ ከተነሳህ በረራው ሌላ ነው።

ክሬሸር ቁ.3 (ረቡዕ ማታ)

እህት ዓለም ጎበዝ ነሽ። አንድ ልጨምርልሽ። ክሬሸሩ እየሠራ አታብሩ። አቧራው ክምሩን በጭጋግ ይሸፍነውና ሶፍትዌሩ ግራ ይጋባል። ምሳ ሰዓት ላይ ማሽኑ ሲቆም ነው የሚበረረው። ሎደሩም ይቁም። አንዴ ሎደር ክምሩ ሥር ቆሞ ፎቶ ተነስቶ የማሽኑ ጣሪያ እንደ ጠጠር ሲቆጠር አይቻለሁ።

ደግሞ አሞራውን አትርሱ። እኛ ጋ ጭልፊቱ ድሮን አይወድም፣ ተወርውሮ ይመጣል።

ባለፕሪዝም (ሐሙስ ጠዋት)

ጣና ዳር ያለችው ሁሉ ልክ ነው። ነገር ግን የሳይቱ ልጅ ጂሲፒ የሚያስፈልገው ሌላ ምክንያት አለው። መንገድ ሥራ ከሆነ ሥራው ሲጀመር ኦጂኤል ተወስዷል፣ የተፈጥሮ መሬቱ ከፍታ ማለቴ ነው። ግቢያችሁም ከተለካው ውስጥ ሊኖር ይችላል። ዶዘሩ ከጠረገ በኋላ የተወሰደ ልኬት ካለማ ንጉሥ ነህ። ያንን ወለል አድርገህ ከላይ የድሮኑን ብታስቀምጥ ግምት የሚባል ነገር ቀረ።

ችግሩ ሁለቱ አንድ ቋንቋ አይናገሩም። የፕሮጀክታችሁ ኮኦርዲኔት ምናልባት በአዲንዳን ነው፣ በቆየው የአገራችን የካርታ መነሻ፣ ዩቲኤም 37። ድሮኑ የሚጽፈው ጂፒኤስ በሚጠቀምበት መነሻ፣ በደብሊውጂኤስ 84 ነው። እንዳለ ደርበህ ብታስቀምጣቸው ክምሩ ከ200 ሜትር በላይ ተንሸራቶ ጎረቤት እርሻ ላይ ይወድቃል። እሱስ በዓይን ስለሚታይ አይጎዳህም። የሚጎዳህ የማይታየው፣ ከፍታው ነው። የሳይታችሁ ቢኤም (ከፍታው የታወቀ ቋሚ ምልክት) ከባሕር ጠለል በላይ ተብሎ የተሰጠ ነው፣ ጂፒኤስ የሚሰጥህ ደግሞ ከኤሊፕሶይድ፣ የምድርን ቅርጽ ከሚወክለው የሒሳብ ገጽ፣ ነው። ሁለቱ በሜትሮች ይለያያሉ። 1 ሜትር ብቻ ቢለያዩ በአንተ ስፋት 2,600 ኩብ ነው!

ስለዚህ ምን ታደርጋለህ? ክምሩ ዙሪያ ላይ አምስት ስድስት ቦታ በኖራ ወይም በቀለም መስቀል ሥራ። አንድ ሁለቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሁኑ፣ የክምሩም አናት ይሆናል። ከዚያው ከፕሮጀክቱ ቢኤም ተነስተህ በቶታል ስቴሽን (ርቀትና ማዕዘን በሚለካው የሰርቨየር መሣሪያ) ለካቸው። ከዚያ ድሮኑ ይብረር። ሶፍትዌሩ ውስጥ የድሮኑን ጂፒኤስ ተወውና በነዚህ ነጥቦች እሰረው። ከነጥቦቹ ሁለቱን ደግሞ አታስገባቸው፣ ለመፈተኛ አስቀራቸው። የማትፈትንበት ነጥብ ከሌለህ አቅራቢው ፊት የምታሳየው ነገር የለህም።

ፋንተም 4 ፕሮ በ60 ሜትር አንድ ፒክስል መሬት ላይ 1.6 ሳንቲ ገደማ ነው። ነጥቦቹ በደንብ ከተለኩ የከፍታ ስህተቱ ብዙ ጊዜ የፒክስሉ አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ ነው። 3 ሳንቲ ብትል 78 ኩብ። ለ8,700 ኩብ ከ1 በመቶ በታች ነው። በፕሪዝም ክምር ላይ እየወጣህ ነጥብ ብትለቅም ከዚህ አትሻልም፣ ቁልቁለቱ ላይ እየተንሸራተትክ ጫማህን ትጨርሳለህ እንጂ።

ጀማሪ ነኝ (ሐሙስ ቀን)

ይቅርታ ውይይቱን ላቋርጥ ነው። ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ክረምት ላይ አገር ቤት ስመጣ ትንሿን ሚኒ 2 ይዤ መጥቼ የወንድሜን ካባ ልለካለት አስቤ ነበር። 249 ግራም ናት። እዚህ ለመዝናኛ ከሆነ ከ250 በታች ምዝገባ እንኳን የለውም። ችግር አለው?

ባለፕሪዝም (ሐሙስ ቀን)

አለው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግራሙ አያድንህም። ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም አስቀድሞ የኢንሳ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የበረራው ጉዳይ ደግሞ ሲቪል አቪዬሽንንም ይመለከታል። ያለ ፈቃድ ይዘህ ብትመጣ ቦሌ ላይ ትቀራለች። ለሥራ ከሆነ እኮ እናንተም ጋ ክብደቱ አይጠቅምህም፣ ፓርት 107 የሚባለው ለሥራ የሚያበር ሰው የሚወስደው ፈተናም ምዝገባውም አለ። ወንድምህ እዚህ ፈቃድ ያለው ድርጅት ይቅጠር፣ አንተ ፎቶዎቹን ተቀብለህ እዚያው ኮምፒውተርህ ላይ ሥራለት። ያ ይሻላል።

ገለልተኛ (ሐሙስ ቀን)

በዚያ ላይ ሚኒ 2 ሻተሯ ኤሌክትሮኒክ ነው። ፎቶውን መስመር በመስመር ነው የምታነበው፣ እየበረረች ስታነሳ ምስሉ ይጣመማል። ሶፍትዌሮቹ ማስተካከያ አላቸው፣ ቀስ ብለህ ብትበርም ይቀንሳል። ለክምር ትሠራለች፣ ለክፍያ ሰርተፊኬት ግን እኔ አልፈርምባትም። ፋንተም 4 ፕሮም ማቪክ 3 ኢንተርፕራይዝም ሻተራቸው ሜካኒካል ነው፣ ለካርታ ሥራ የሚፈለጉት ለዚህ ነው።

ጀማሪ ነኝ (ሐሙስ ማታ)

እሺ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ሶፍትዌር ነፃ የሆነ አለ?

ጣና ዳር (ሐሙስ ማታ)

ዌብኦዲኤም ነፃ ነው። ጂሲፒ ይቀበላል፣ ቮልዩም ይለካል። ራም ይበላል እንጂ 16 ጊጋ ካለህ ጥቂት መቶ ፎቶ ይችላል። ሁለት ቀን ልኬት ለማነጻጸር ክላውድኮምፔር አለ፣ እሱም ነፃ ነው። ሜታሼፕ ብትገዛ ፕሮፌሽናሉን ነው፣ በስታንዳርዱ ላይ ጂሲፒም ቮልዩምም የለም። ሰው ርካሽ አገኘሁ ብሎ ስታንዳርዱን ይገዛና ያዝናል።

ክላውድ ላይ የሚሠሩትን ለአገር ቤት አልመክርም። 300 ፎቶ ባለ 8 ሜጋ 2.4 ጊጋ ነው። የሌሊት ፓኬጅ ገዝተህ እስኪጫን ስትጠብቅ ይነጋል።

ክሬሸር ቁ.3 (ሐሙስ ማታ)

ጣና ዳር፣ ቦረቦሩን እንዴት ነው የምትለኪው? እዚያ አሁን ድሮን ማብረር ይቻላል እንዴ?

ጣና ዳር (ሐሙስ ማታ)

ይኸው ነው የኛ ጣጣ። ድሮን ለኛ ሥራ ተአምር ነበር። ከክረምት በፊት ታነሳለህ፣ ከክረምት በኋላ ታነሳለህ፣ ሁለቱን ስትቀንስ ዝናቡ ስንት ኩብ አፈር እንደወሰደ በቦታ በቦታው ይታይሃል። የትኛው ክትር እንደያዘ፣ የትኛው በጎን እንደተበላ ፍንትው ይላል። በእጅ ሜትር ይዘን እየወረድን መስቀለኛ ቅርጽ ስንለካ እንውል ከነበረው ጋር አይወዳደርም።

አሁን ግን አናበርም። ፈቃዱ አንድ ነገር ነው፣ ሰው ደግሞ ሌላ። ድምፁን ሲሰማ ገበሬው ይደነግጣል፣ ልጆች ይሮጣሉ። ለአፈር ልኬት ብዬ ሰው አላስደነግጥም።

ስለዚህ ስልክ ረጅም ዘንግ ላይ አስረን ቦረቦሩን ዳር ዳሩን እየተጓዝን እናነሳለን። በየሁለት ሦስት እርምጃው አንድ ፎቶ፣ በሁለቱም ዳር፣ ከዚያ ደግሞ ውስጡ ገብተን። ሶፍትዌሩ ያው ነው፣ ፎቶው ከሰማይ ይምጣ ከዘንግ ግድ የለውም። ነጥቦቹን አስቀድመን ዳር ላይ እንተክላለን፣ ግን የማይሸረሸር ቦታ መርጠን ነው። እንዲያውም የቦረቦሩ ግድግዳ ከሥሩ ተበልቶ ከላይ ሲንጠለጠል ድሮን ከላይ ሆኖ አያየውም፣ ዘንጉ ከጎን ያየዋል። ጉዳቱ ጊዜ መፍጀቱ ነው። ሣሩም በሁለቱም ይሸውዳል፣ መስከረም ላይ ካነሳህ የሣሩን አናት መሬት ነው ይልሃል። የመስከረሙን ትተን ጥር ላይ ነው የምናነሳው።

ገለልተኛ (ሐሙስ ማታ)

ይቺ የዘንግ ነገር ለትንሽ ክምርም ትሠራለች። 3 ሜትር የማይሞላ ክምር ለመለካት ድሮን አይጠራም።

እኔ ግን ይህ ቴክኖሎጂ ለክፍያ ብቻ መዋሉ ይቆጨኛል። ቆሼ መጋቢት 2009 ላይ ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ነው የሞተው። የቆሻሻ ክምር በየወሩ እየተለካ ቁልቁለቱ ምን ያህል እንደቆመ፣ የትኛው ጎን እያበጠ እንደሆነ ቢታይ ቢያንስ ከሥሩ ያለው ሰው ይነገረው ነበር። ከጠጠር ክምር ልኬት የተለየ ሥራ አይደለም።

ክሬሸር ቁ.3 (ዓርብ ጠዋት)

እውነት ነው። ነፍስ ይማር።

ወደ ጠጠሩ ልመለስና፣ ትልቅ ሥራ ከሆነ በኪሎ ግዙ። ሚዛን ካለ መኪናው ሲገባ በጭነት፣ ሲወጣ ባዶውን ይመዘናል፣ አለቀ። ሳጥን ቢያንስ ቢበዛ ግድ የለህም። ልል የባዛልት ጠጠር በኩብ ብዙ ጊዜ ከ1.4 እስከ 1.6 ቶን ነው። የራሳችሁን ላቦራቶሪ ያውጣው። ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ ይጨምራልና እርጥበቱንም ያዙ። አለዚያ ውሃ በጠጠር ዋጋ ትገዛላችሁ።

የሳይቱ ልጅ (ከሳምንት በኋላ)

ተመለስኩ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ኦጂኤሉ ተገኘ፣ ግቢውን ይነካል። ዶዘሩ ከጠረገ በኋላ ግን የተለካ የለም። ስለዚህ ኤክስካቫተር አቆምንና አቅራቢው ባለበት የክምሩን ዳር ቦታ ቦታ ላይ ገለጥን። በምዕራቡ በኩል ጥቁር አፈሩ ከኦጂኤሉ 25 ሳንቲ ወርዶ ተጠርጓል፣ ጠጠሩም ጠርዙን አልፎ ወጥቶበታል። በመንገዱ በኩል ግን ምንም አልተጠረገም! ዶዘሩ እዚያ ጋ ምላጩን አንስቷል። «30 ሳንቲ በሙሉ» ብለን ብንሄድ ኖሮ አልሆነም ነበር።

ነጥቦቹን በኖራ ሠርተን ከፕሮጀክቱ ቢኤም በቶታል ስቴሽን ለካን። አብራሪው እንደገና በረረ፣ በመስቀልና ዙሪያውን አጋድሎ። መጀመሪያ ያሰመረውን ዳርና ያንኑ ወለል ብንጠቀም 8,760 ነው የወጣው። ከፊተኛው 60 ኩብ ብቻ ነው የተለየው። ድሮኑ ምንም አልሆነም ነበር። ወለሉን በገለጥናቸው ቦታዎች ስናስተካክለው 9,120 ሆነ። ለመፈተኛ ያስቀረናቸው ነጥቦች 2 እና 3 ሳንቲ ነው የሳቱት፣ አቅራቢው ራሱ ስክሪኑ ላይ አየው።

መኪናው ደግሞ፦ በዕለቱ የገቡትን ሳጥናቸውን ለካን። ክሬሸር ያለው ትክክል ነው፣ ሁሉም አንድ አይደለም። አንዳንዱ 16.1 ነው፣ ግን ከከንፈሩ በታች ነው የተጫነው። ባጠቃላይ በአማካይ 15 ኩብ ብለን ተስማማን። 640 በ15፣ 9,600።

9,120 እና 9,600። የቀረው 480 ነው፣ 5 በመቶ። ሎደሩ ስለጠቀጠቀው ነው አለ አቅራቢው። ሊሆን ይችላል፣ ሙሉ በሙሉ ነው ግን አልልም። አለቃዬ መሃሉን እንከፍላለን አለ፣ 9,360። ተፈራረሙ።

ባለፕሪዝም (ከሳምንት በኋላ)

ጥሩ ነው የጨረሳችሁት። አለቃህ አሁንም «ካሜራ አይዋሽም» ይላል? 😄

የሳይቱ ልጅ (ከሳምንት በኋላ)

ይላል። ግን አሁን «ወለሉ ካልዋሸ» ብሎ ይጨምርበታል።

ለቀጣዩ ውሉ ተሻሽሏል። ክፍያው በክምር ልኬት ነው፣ በመኪና አይደለም። በወሩ መጨረሻ ይለካል፣ የሁለታችንም ሰርቨየር ይገኛል፣ በዚያ ቀን ሎደር ክምሩን አይነካም። የክምሩን ዳር ሶፍትዌሩ ላይ አብረን ነው የምናሰምረው። አቅራቢው ከፈለገ ፎቶዎቹን ወስዶ በራሱ ሰው ያሠራ።

ክሬሸር ቁ.3 (ከሳምንት በኋላ)

አቅራቢው በክምር ልኬት ከተስማማ ለመጠቅጠቁ በኩቡ ዋጋ ላይ ጨምሮ ነው የሚመጣው፣ ይህን ጠብቁ። እኔም ብሆን እጨምራለሁ። ደግሞ አዲሱ ማራገፊያ ላይ ዶዘር ይገባ የለ? ወለሉን የምትለኩት ሳይጠረግ ነው ወይስ ከተጠረገ በኋላ?

የሳይቱ ልጅ (ከሳምንት በኋላ)

ከተጠረገ በኋላ። ትናንት ተለካ፣ ፋይሉ ሁለታችንም ጋ አለ። ዋጋውን በተመለከተ ደግሞ ጨምሯል፣ ገና እየተከራከርን ነው።